ስለ ስኳር በሽታና ኢንሱሊንን በራሱ መዝኖ ስለሚሰጠው መሣሪያ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በዚህ ዓመት በክፍላችን የሆነ አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን ራሱን በዴስኩ ላይ ደፍቶ ተገኘ። ፊቱን ላብ አጥምቆት ነበር፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህሩ በስሙ ጠርተው ጥያቄ ቢጠይቁት ከጥያቄው ጋራ ምንም የማይገናኝ መልስ ሰጠ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን አልሣቀችም። ወንድሟ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆነ ነገሩ ወዲያው ገባት፤ መምህሩንም አስፈቅዳ ከሻይ ክበብ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር አምጥታ አጠጣችው። ሩብ ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ ጓደኛችን ደኅና ሆነ፤ እኛም በሣቃችን አፈርን።

ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው እሱን ራሱን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። በሌላው ዓለም ኢንሱሊንን በራሱ መዝኖ የሚሰጥ መሣሪያ እንዳለ ያነበብሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጓደኛችንም ስሜን እስካልጠራህ ድረስ ጻፍ ብሎ ፈቀደልኝ። እንግዲህ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ የሚችለውና የማይችለውም ምን እንደ ሆነ እንደ ዐቅሜ ላስረዳ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስኳር በሰውነታችን ውስጥ

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች በሆዳችን ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል። ይህ ስኳር በደም አማካይነት ወደ አንጎል፣ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላውም የሰውነት ክፍል ይደርሳል። ለእሳት ማገዶ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለሰውነትም ግሉኮስ ያስፈልገዋል። የሚያስደንቀው ግን የመጠኑ ማነስ ነው። የጤነኛ ሰው ደም በባዶ ሆድ ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር ውስጥ ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም ያህል ስኳር ይገኝበታል። የአንድ ትልቅ ሰው ደም 5 ሊትር ነው ብለን ብናሰላ በደሙ ሁሉ ውስጥ ያለው ስኳር ከ5 ግራም አይበልጥም፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው።

ይህችን ትንሽ ልክ ሌሊትና ቀን የሚጠብቃት ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት ነው። በቆሽት ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ እነዚህ ሕዋሳት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሲያንስም ማመንጨታቸውን ይቀንሳሉ። ኢንሱሊን እንደ በር ቁልፍ ነው፤ እሱ ከሌለ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንደሚገባው ሊገባ አይችልም።

የስኳር በሽታ በብዛት የሚታወቀው በሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት የሰውነት የመከላከያ ኃይል ወዳጁን ጠላት መስሎት የራሱን ቤታ ሕዋሳት ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ያለ ኢንሱሊን መድኃኒት ሊኖር አይችልም። ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል። ጣፋጭ ከመብላት የመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት እንደሚገባ አይታዘዘውም፤ እየቈየም የሚመነጨው ኢንሱሊን ያንሳል። ዛሬ የምንነጋገርበት መሣሪያ በመጀመሪያ የተሠራው ለአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች ነው።

፪ኛ፤ ኢንሱሊን እንዴት እንደ ተገኘ

በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው በስኳር በሽታ እንደ ተያዘ አዩ። ከዚህም የተነሣ የበሽታው ሥር በቆሽት ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዐለፈ። በዚያም ዘመን ሐኪሞች የነበራቸው ዘዴ ሕመምተኛውን ምግብ እያሳነሱ ዕድሜውን ለጥቂት ጊዜ ማራዘም ብቻ ነበር።

በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊንን ለማውጣት ቻሉ፤ ጄምስ ኮሊፕም አጠራው። በጥር ወር 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ይህን መድኃኒት በመርፌ ተቀበለ። ልጁ ከመክሳቱ የተነሣ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ብቻ ወርዶ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ብዙ አልረዳውም፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ይበልጥ የጠራው መድኃኒት ሲሰጠው ግን የደሙ ስኳር ወረደ፤ ከዚያም በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በሕይወት ኖረ። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ።

፫ኛ፤ መርፌው የማይፈታው ችግር

ኢንሱሊን ተገኘ ማለት ግን ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ጤነኛ ቆሽት በየደቂቃው አይቶ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል፤ መርፌ ግን በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሰውነት ቢፈልገውም ባይፈልገውም ለሰዓታት ይሠራል። በዚህ መካከል ሕመምተኛው ኳስ ሊጫወት ይችላል፤ ትኩሳት ሊይዘው፣ በፈተና ሊጨነቅ ወይም ምሳው ሊዘገይበት ይችላል። እያንዳንዱም ነገር የደሙን ስኳር ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ጓደኛችንም የታመመው ጧት መርፌውን ወስዶ ቍርሱን በሚገባ ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት ስለ መጣ ነው።

ስኳር ለብዙ ዓመት ከልክ በላይ ሲሆን ዐይንን፣ ኵላሊትንና ነርቭን ይጐዳል። ይህንን በግልጽ ያሳየው ከ1983 እስከ 1993 ድረስ በሰሜን አሜሪካ በ1,441 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ታላቅ ጥናት ነው። ስኳራቸውን ወደ ጤነኛ ሰው ልክ አቅርበው የያዙት ሰዎች አዲስ የዐይን ጕዳት የማግኘታቸው አደጋ በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ነገር ግን በዚያው ጥናት እነዚሁ ሰዎች ስኳራቸው በብርቱ ወርዶ የሰው ርዳታ እስኪያሻቸው ድረስ የደረሱበት ጊዜ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል በለጠ።

እንግዲህ ሕመምተኛው በሁለት ገደል መካከል እንደሚሄድ መንገደኛ ነው። ወደ አንዱ ቢያዘነብል ጕዳቱ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ወደ ሌላው ቢያዘነብል በዚያችው ሰዓት ራሱን ይስታል። ከሁሉም የሚያስፈራው ሌሊት ነው፤ የተኛ ሰው ስኳሩ መውረዱን ላያውቅ ይችላልና። ጓደኛችን እንደ ነገረኝ እናቱ ሌሊት እየተነሡ ግንባሩን ይዳስሳሉ፤ ላብ ካገኙ ቀስቅሰው ይለኩታል። ይህንንም የሚያደርጉት እሱ ከታመመ ጀምሮ ነው። የመሣሪያውም ሥራ እኒህ እናት የሚሠሩትን መሥራት ነው፤ ማየት፣ ማሰብ፣ መስጠት ወይም መከልከል፣ ከዚያም መልሶ ማየት።

፬ኛ፤ የመሣሪያው ሦስት ክፍሎች

የመጀመሪያው ክፍል ሴንሰር የሚባለው መለኪያ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከሆድ ወይም ከክንድ ቆዳ ሥር ይገባል። በብዙዎቹ መለኪያዎች ላይ ሽቦው ግሉኮስን በሚያቃጥል ኢንዛይም የተቀባ ነው። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከኢንዛይሙ ጋራ ሲገናኝ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ስኳሩ በበዛ መጠን ኤሌክትሪኩም ይበዛል። መለኪያው በየ5 ደቂቃው ቍጥር ቢልክ በአንድ ቀን ውስጥ 288 ጊዜ ለካ ማለት ነው። በጣት መርፌ ይህን ያህል ጊዜ የሚለካ ሰው የለም። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከ7 እስከ 15 ቀን ካገለገሉ በኋላ ይለወጣሉ።

ሁለተኛው ክፍል ፓምፕ ነው። መጠኑ በኪስ የሚያዝ ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሆኖ በውስጡ ፈጥኖ የሚሠራ ኢንሱሊን ይሞላበታል። ኢንሱሊኑም ከቆዳ ሥር በገባች ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ወደ ሰውነት ይገባል። አብዛኛው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። ፓምፑ 0.05 ዩኒት ያህል መዝኖ መስጠት ይችላል፤ ይህም ከአንድ ሚሊሊትር ሁለት ሺሕኛው እጅ ነው። በስሪንጅ ይህን ያህል ትንሽ መጠን መለካት የሚቻል አይደለም።

ሦስተኛው ክፍል የሚያስበው ኮምፒዩተር ነው። ይህ በፓምፑ ውስጥ ወይም በስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። ከሴንሰሩ የመጣውን ቍጥር ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ ለፓምፑ ትእዛዝ ይሰጣል። ሴንሰርና ፓምፕ ለየብቻቸው ብዙ ዘመን ነበሩ፤ አዲሱ ነገር ሁለቱን የሚያገናኘው ስሌት ነው።

፭ኛ፤ ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደሚያስብ

ይህን ለመረዳት በሸክላ ምጣድ እንጀራ የምትጋግር ሴትን እናስብ። ምጣዱ ቢቀዘቅዝባት እንጨት ትጨምራለች። ሆኖም እንጨቱ ነዶ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ልምድ የሌላት ልጅ ምጣዱ ገና አልጋለም ብላ ደጋግማ እንጨት ብትጨምር ኋላ ሁሉም በአንድነት ይነድና እንጀራዋ ያራል። ባለሙያዋ ግን ቀደም ብላ የማገደችውን ታስታውሳለች። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። ፈጥኖ ይሠራል የሚባለው እንኳ ሥራውን ለመጀመር ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ኃይሉ የሚበረታው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲሆን እስከ 4 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ይቈያል።

በቍጥር እንመልከተው። የአንድ ልጅ ስኳር 210 ሆኖ ተገኘ እንበል። ሊደርስበት የሚፈለገው ልክ 110 ነው። 1 ዩኒት ኢንሱሊን የዚህን ልጅ ስኳር በ50 የሚያወርድ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ 210 ሲቀነስ 110፣ 100 ነው፤ 100 ለ50 ሲካፈል 2 ዩኒት ይሆናል። ነገር ግን ቀደም ብሎ ከወሰደው መድኃኒት 1.5 ዩኒት ገና ሥራውን ያልጨረሰ ቢሆንስ? ያን ረስተን 2 ዩኒት ብንሰጠው በሰውነቱ ውስጥ ያለው 3.5 ዩኒት ይሆናል፤ እሱም ስኳሩን በ175 አውርዶ 35 ላይ ያደርሰዋል፤ ይህም ራስን የሚያስት ልክ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ 2 ሲቀነስ 1.5፣ ማለት 0.5 ዩኒት ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን የመሰለ ስሌት በየ5 ደቂቃው ይሠራል፤ አንዳንዱም ስኳሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይገምታል። ሊወርድ ነው ብሎ ከገመተ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል ወይም ያቆማል።

በምጣዱና በመሣሪያው መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። እሳቱ ከበዛ እንጨቱን መጐተት ይቻላል፤ ከሰውነት ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ግን ተመልሶ አይወጣም። መሣሪያው የሚችለው ሌላ እንዳይጨመር ማቆም ብቻ ነው። ስለዚህ አስልቶ የሚሰጠው በጥንቃቄ ነው።

ምግብ ሲቀርብም ችግር አለ። የምግብ ስኳር ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ቀድሞ ደም ውስጥ ይደርሳል፤ መሣሪያው ስኳሩ ሲወጣ እስኪያይ ቢጠብቅ ይቀደማል። ስለዚህ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ሕመምተኛው ከመብላቱ በፊት የሚበላውን ምግብ መጠን ለኮምፒዩተሩ መንገር አለበት። ግማሹ በራሱ፣ ግማሹ በሰው የሚሠራ የሚባለውም ለዚህ ነው። በአንድ ገበታ ከቤተሰብ ጋራ ለሚበላና ጕርሻ ለሚቀበል ሰው ምን ያህል እንደ በላ መገመት ቀላል ሥራ አይደለም።

፮ኛ፤ አሳቡ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርኖልድ ካዲሽ የተባሉ ሐኪም በሎስ አንጀለስ ከተማ የደም ስኳር እየለካ ኢንሱሊን የሚሰጥ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ሆኖም በጀርባ እንደሚታዘል ሻንጣ ያለ ትልቅ ዕቃ ስለ ነበረ ለኑሮ አልተመቸም። በ1970ዎቹ የመጣው ባዮስታተር ደግሞ የሕመምተኛውን ደም ያለማቋረጥ እየሳበ የሚለካ፣ ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ የሚቆም መሣሪያ ነበር። በ1978 የሎንዶን ሐኪሞች በትንሽ ፓምፕ ከቆዳ ሥር ያለማቋረጥ ኢንሱሊን መስጠት እንደሚቻል አሳተሙ። በ1999 ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ ሴንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ከፊሉን የሠሩት ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ዴና ልዊስ የተባለች አሜሪካዊት የሴንሰሯ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከእንቅልፏ ስለማይቀሰቅሳት በመጀመሪያ ከስኮት ሌብራንድ ጋራ ድምፁን የሚያጐላ ዘዴ ሠራች፤ ቀጥላም ሴንሰሩንና ፓምፑን በትንሽ ኮምፒዩተር አገናኘች። በ2015 አሠራሩን ለሰው ሁሉ በነጻ ገለጡት። በመስከረም ወር 2016 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሚኒሜድ 670ጂ የተባለውን መሣሪያ ፈቀደ፤ በፋብሪካ ከተሠሩት ውስጥ እንዲህ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። በ2024 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ጤና አገልግሎት እነዚህን መሣሪያዎች ለአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች ማደል ጀመረ።

፯ኛ፤ ጥቅሙና ጕድለቱ

በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በ168 ሰዎች ላይ ለ6 ወር የተደረገ ነበር። ሐኪሞች ለብዙ ሕመምተኞች የሚመኙት ልክ ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። በራሱ የሚሠራውን መሣሪያ የያዙት ሰዎች ስኳራቸው በዚህ ልክ ውስጥ የሚቈይበት ጊዜ ከ61 በመቶ ወደ 71 በመቶ ከፍ አለ፤ ሴንሰርና ፓምፕ ኖሯቸው ስሌቱ የሌላቸው ግን በ59 በመቶ ላይ ቀሩ። ከመቶ አሥር ማለት በቀን 2 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አብላጫው ጥቅም የታየውም ሌሊት ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በሽታውን አይፈውስም። ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ቢዘጋ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ሰዓት የሚቈይ ሌላ ኢንሱሊን ስለሌለ ሕመምተኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በብርቱ ሊታመም ይችላል፤ ስለዚህ መሣሪያ የያዘ ሰው እንኳ ስሪንጅና ኢንሱሊን ከእሱ አይለይም። ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለ ሆነ ከደሙ ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ቱቦው በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መለወጥ አለበት፤ ባትሪም መሞላት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ዋጋው ውድ ነው። በአገራችን ብዙው ሕመምተኛ የሚታከመው በብልቃጥ ኢንሱሊንና በስሪንጅ ነው። ለብዙ ቤተሰብም ሐሳብ የሚሆነው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ኢንሱሊኑ እንዳያልቅና ሙቀት እንዳያበላሸው መጠበቁ ነው።

፰ኛ፤ የእኛ ድርሻ

እንግዲህ መሣሪያው እስኪደርሰን ድረስ ምን እናድርግ? እኔ እንደሚመስለኝ ከመሣሪያው አንድ ነገር መማር እንችላለን። ኃይሉ አይቶ ማሰቡ፣ ሰጥቶም መልሶ ማየቱ ነው። ይህንን ደግሞ ዐውቆ የተዘጋጀ ጓደኛ ሊያደርገው ይችላል።

የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ጓደኛችን ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ያለ ምክንያት ቢቈጣ፣ ንግግሩ ቢምታታ፣ ቢፈዝ፣ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል ብለን እናስብ። መለኪያ ካለው እንለካለት፤ ከሌለው ጊዜ አናጥፋ። መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለት ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጠን እናጠጣው፤ ከ15 ደቂቃም በኋላ መልሰን እንየው፤ ካልተሻለው እንድገመው። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ወደ አፉ ምንም ነገር አናግባ፤ ሊያንቀው ይችላልና። በጎኑ አስተኝተን ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው። በዚህም ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ኢንሱሊን አይሰጥም።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አለ። እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍል ውስጥ ስኳር ወይም ብስኵት ቢበላ፣ በፈተና ጊዜም ለመለካት ቢጠይቅ ይፈቀድለት። ወላጆችም የልጃቸውን ሕመም ከትምህርት ቤቱ አይሰውሩ። ጓደኛችን ሕመሙን ለሦስት ዓመት ደብቆ ስሪንጁን በመጸዳጃ ቤት ይወጋ የነበረው እንዳንሥቅበት ፈርቶ ነበር፤ ሠግቶም አልቀረ፤ ሣቅንበት።

ዛሬ ግን በክፍላችን በመምህሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ክዳን ባለው ጠርሙስ ስኳር ተቀምጧል። ከእሱ አጠገብ ከምንቀመጠው መካከልም አራታችን ምልክቱን እናውቃለን። በዚህ ዓመት ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ አስፈልጎ ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ የሣቀ ሰው አልነበረም።